«ልጄ በድራማው ገረድ ትሁን ተባለች፤ እኔም ገረድ ነበርኩ»

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ስሜን አያውጡብኝ እንጂ ጉዳዩን ቢያወጡት ቅር አይለኝም፤ እንደኔ የጨነቃት እናት አትጠፋም።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ባለቤቴ ጀልባ ላይ ይሠራል። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄድ እንግዳ ሲገኝ ይሠራል፣ ሲጠፋ ይቀመጣል። እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ ተረክቤ፣ አጽድቼ እሸጣለሁ። ትልቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል በፈረቃ ትማራለች፤ ከፈረቃዋ ስትወጣ እኔ ጋ መጥታ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው የቤት ሥራዋን የምትሠራው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ናት። ሰልፍ ላይ ግጥም ስታነብ ልጁ ሁሉ ጸጥ ይላል ብለው መምህሯ ነግረውኛል።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች እዚህ ለሚቀረጽ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ልጆች እንፈልጋለን አሉ። ታሪኩ ሐይቁ ዳር ሆቴል ስላላቸው ሀብታም ቤተሰብ ነው። አንዷ ልጅ የባለ ሆቴሉ ልጅ ናት፤ ሌላዋ ከገጠር መጥታ እነሱ ቤት በሠራተኛነት የገባች። ልጄ ግጥም ሸምድዳ፣ የእሑድ ልብሷን ለብሳ ሄደች። መጀመሪያ የጠየቋት የት ነው የምትማሪው ብለው ነው። ቀጥለው በእንግሊዝኛ ራስሽን አስተዋውቂ አሏት። ደንግጣ ስሟን ብቻ ተናግራ ቆመች። ግጥሙን አልሰሟትም። ከእሷ ቀጥላ የገባችው የግል ትምህርት ቤት ተማሪ እንግሊዝኛውን አንበለበለችውና የባለ ሆቴሉን ልጅ እንድትጫወት ተመረጠች። የኔዋን ደግሞ እዚያው ፊቷ «መልኳም አነጋገሯም ለሠራተኛዋ ይሆናል» ተባባሉና እሷም ተመረጠች።

ባለቤቴ እንደሰማ ቱግ አለ። «ልጄ ሰው ቤት እንዳትገባ ብዬ ነው ውሃ ላይ የማረጀው፤ አገር በሚያየው ቴሌቪዥን ገረድ ትሁን?» አለኝ። እኔ የባሰ የከፋኝ ግን በሌላ ነው። ከመራዊ አካባቢ በ12 ዓመቴ መጥቼ ለስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቦርሳቸውን ተሸክሜ እስከ በሩ እሸኛቸውና እመለስ ነበር። ባለቤቴ ያውቃል። ልጄ አታውቅም።

ቀረጻው ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሦስት ሳምንት ነው፤ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና መሐሉ ላይ ይገባል። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣች። የባለ ሆቴሉ ልጅ የክፍል ጓደኛ የምትሆን ልጅ ገና እየተፈለገች ነውና፣ የግል ትምህርት ቤት መታወቂያና ዩኒፎርም አመጣላታለሁ፣ ለዚያ ትወዳደር አለችኝ። ልጄ ራሷ «ሠራተኛም ቢሆን እፈልጋለሁ» ነው የምትለው። ግን ባለፈው እሑድ «እማ፣ ቀረጻው ቦታ አንቺ አትምጪ፤ አክስቴ ትምጣ» አለችኝ። ለምን ስላት «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

ከዓባይ ማዶ


የአማካሪዋ መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና።

ይቺ ልጅ ከአንድ ወር በፊት እንዲህ ብላሽ ታውቃለች? ከጻፍሽው እንደገባኝ አታውቅም። አጠገብሽ ቁጭ ብላ ደብተሯን ዘርግታ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ያኔም ዓሣ ትሸጪ ነበር፣ ያኔም ሽታው ነበረ። ስለዚህ ይህን ነገር ከቤት አላመጣችውም። እስቲ ያን ቀን በእሷ ዓይን እይው። የት እንደምትማር ተጠየቀች። በማታዘወትረው ቋንቋ ተናገሪ ተባለች። ስለ መልኳና ስለ አነጋገሯ እሷ እየሰማች ተወራ። እስኪ ያዘጋጀሽውን አሳዪን ያላት አንድም ሰው አልነበረም። የ11 ዓመት ልጅ ከዚህ ተነሥታ ሰዎቹ የሚያዩት የመጣሁበትን ቤት ነው ብላ ብታስብ አይፈረድባትም። የመጣችበትን ቤት ለመደበቅ ስትነሣ ደግሞ ቀድመሽ የምትታዪው አንቺ ነሽ። ያለችሽ ነገር ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ካንቺ ፍቅር የወጣ ልብ የተናገረው አይመስለኝም፤ እንደገና እንዳትናቅ የፈራች ልጅ ናት።

ስለዚህ አትቆጫት፣ እንዳልሰማ ሆነሽም አትለፊው። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ከምትጠይቂያት ይልቅ ሹሩባ ስትሠሪያት ብታነሽው ይሻላል። ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ሲሆን ልጅ ብዙ ታወራለች። «ያን ቀን ወረፋው ላይ ምን ተሰማሽ?» ብለሽ ጀምሪና ዝም በዪ። ፈጥነሽ አታጽናኛት፣ ትጨርስ። ከዚያ የራስሽንም ንገሪያት፤ «አትምጪ ስትይኝ ከፍቶኛል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እንባና ወቀሳ ከጨመርሽበት ሁለተኛ ምንም አትነግርሽም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ቅር ያለኝን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ድራማው በአማርኛ ነው፣ ታሪኩም ባሕር ዳር። ታዲያ ልጆቹ በእንግሊዝኛ የተበጠሩት ለምንድን ነው? የባለ ሆቴሉ ልጅ በድርሰቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የምትናገር ከሆነ ለእሷ ቦታ መጠየቁ ይገባኛል። ለሁሉም ልጅ በር ላይ ከተጠየቀ ግን የተመዘነው ትወና አይደለም፣ የወላጅ ኪስ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምራ በእንግሊዝኛ የተማረች፣ በየወላጆች ቀኑ መድረክ ላይ የወጣች፣ ቤት ውስጥ በየጊዜው በስልክ የምትቀረጽ ልጅ ካሜራ ፊት ባትደነግጥ አይገርምም። ያቺ ልጅ ጥፋት የለባትም፣ ጎበዝም ልትሆን ትችላለች፤ ልጅሽ እንድትጠላት አታድርጊ። አብረው ሦስት ሳምንት ሊውሉ ነውና ጓደኛ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ይህ የሀገራችን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። በእንግሊዝ አገር በግል ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆች ከመቶ 7 ያህል ናቸው። ሱተን ትረስት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ግን ባፍታ የሚባለውን ትልቁን የፊልም ሽልማት ካገኙ የአገሪቱ ሰዎች 42 ከመቶዎቹ በግል ትምህርት ቤት ያለፉ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚያ ትምህርት ቤቶች የቴአትር አዳራሽና የድራማ መምህር አላቸው፤ ልጁ ገንዘብ ሳያገኝ ዓመታት ቢለማመድ ቤተሰቡ ይችለዋል። ይህን የምነግርሽ ልጅሽ ያን ቀን የወደቀችበት ፈተና ስለ ችሎታዋ የሚለው ነገር እንደሌለ እንድታውቂ ነው። ለእሷም በሚገባት ቋንቋ አስረጂያት።

የአነጋገሯ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ አንገብግቦኛል። የባሕር ዳር ልጅ፣ ባሕር ዳር ላይ በሚቀረጽ ታሪክ ውስጥ፣ እንደ አገሯ ሰው ስለተናገረች ለሠራተኛነት ትሆናለች ተባለ። በድራማዎቻችን ሠራተኛዋና ዘበኛው የጎጃም ወይም የወሎ ልጅ ሆነው፣ የቤቱ ባለቤት ላይ ሲደርስ አነጋገሩ የአዲስ አበባ የሚሆነው እስከ መቼ ነው? ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ያላቸው ሰዎች እኮ እንደ ባሕር ዳር ሰው ነው የሚያወሩት! ይህን ዓምድ የሚያነብ አዘጋጅ ወይም ደራሲ ካለ፣ እባክህ ልጆቹን ስትመርጥ መጀመሪያ ሲተውኑ እያቸው። የትምህርት ቤታቸውን ስም ከመረጥህ በኋላ ጠይቅ፤ እሱም የፈተናቸውን ቀን ለማወቅ ብቻ ይሁን። ስለ መልካቸው የምትነጋገሩትንም እነሱ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ተነጋገሩ።

የዘመድሽን መታወቂያ በተመለከተ፣ እኔ እንቢ በዪ እላለሁ። ሴትየዋ ክፉ አስባ እንዳልሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ልጅሽ ካሜራው ከጠፋ በኋላም መተወን ሊኖርባት ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ስለ መምህራቸው፣ ስለ ክፍላቸው ሲያወሩ ምን ትላለች? አንቺ ምሳ ይዘሽ ብትመጪ ማን ናት ልትል ነው? «አንቺ አትምጪ» ያለችሽን ነገር እኛው በማኅተም አጸናንላት ማለት ነው። ቢታወቅባት ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት የምታፍረው እሷ ናት።

እንግዲህ ወደ ሠራተኛዋ እንምጣ። ባለቤትሽ የተናገረው ከልብ የመጣ የአባት ቃል ነው፤ በክርክር ልትረቺው አትሞክሪ። ይልቅ ሁለታችሁም ገና ያላወቃችሁትን አብራችሁ እወቁ። ድርሰቱን አይታችኋል? ቢያንስ የእሷን ክፍል? ይቺ ሠራተኛ ስም አላት ወይስ «አንቺ» እየተባለች ውሃ የምታቀብል ብቻ ናት? የምትፈልገው ነገር አላት? ትናገራለች ወይስ ስትመታና ስታለቅስ ብቻ ነው የምትታየው? ስሟ፣ ሐሳቧና የራሷ ታሪክ ካላት፣ ምናልባትም ከሁለቱ የበለጠው ቦታ የእሷ ነው፤ ሰው ቤት የገባች ልጅ በታሪክ መሐል ስትቆም ብዙ አላየንም። ለሌሎች ማሳዘኛ ብቻ የገባች ከሆነ ግን የአባትየውን «አይሆንም» እኔም እደግፋለሁ።

አሁን ደግሞ አንቺ የኖርሽው አለ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አሰብኩ። ለልጅሽ ንገሪያት ወይም አትንገሪያት ብዬ ልወስንብሽ አልችልም፤ ስድስቱን ዓመት የኖርሽው አንቺ ነሽ። የሚያስፈራሽ ምኑ ነው? እንዳታፍርብሽ ነው ወይስ ስታወሪው እንዳይመለስብሽ? ሁለተኛው ከሆነ ጊዜ ውሰጂ፣ መጀመሪያ ለምታምኛት ሰው አውሪው፤ ያኔ የደረሰብሽ የከፋ ነገር ካለ ደግሞ ለልጅሽ ሁሉን የመንገር ግዴታ የለብሽም። መጀመሪያው ከሆነ ግን ብትነግሪያት ይሻላል ባይ ነኝ፤ እሱም ቀረጻው ሳይጀመር። ለምን ብትይኝ፣ እዚያ ቦታ ከሚሰበሰቡት ሰዎች ሁሉ ይቺን ገጸ ባሕርይ የምታውቃት አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለች ልጅ እንግዳ ሲመጣ የት እንደምትቆም፣ ስትጠራ እንዴት እንደምትነሣ፣ የቤቱ ልጆች ሲያጠኑ ከጓዳ ሆና ምን እንደምትሰማ ታውቂያለሽ። ቦርሳ ተሸክመሽ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርሺ እጅሽ ምን ያደርግ ነበር? ልጆቹ ሲገቡ ወዲያው ትመለሺ ነበር ወይስ ትንሽ ትቆሚያለሽ? እነዚህን ለልጅሽ ብታሳዪያት ማንም የትወና መምህር ከሚያስተምራት ይበልጣል። ማታ ማታ አብራችሁ ተለማመዱ። ያኔ ቀረጻው ቦታ ማን ይምጣ የሚለው ጥያቄ መልሱን ራሱ ያገኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባያገኝም አክስቷ ትሂድላት፣ አትጨቃጨቁበት። ዋናው ልጅቷ ብቻዋን አለመሆኗ ነው።

ውል ሳይፈረም በፊት ማወቅ ያለብሽ ደግሞ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ላሉት እንኳ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት አይፈቅድም። አገራችን የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ለኪነ ጥበብ ሲባል በየልጁ በሚሰጥ ፈቃድ፣ ሰዓቱና ሁኔታው ተወስኖ፣ በልዩ ሁኔታ ሊታይ እንደሚችል ይናገራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱን ወይም ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለልጆቹ ከማን ፈቃድ አገኛችሁ ብለሽ መጠየቅሽ ነገረኛ አያሰኝሽም። ሲያድበሰብሱብሽ ወደ ክፍለ ከተማችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጎራ በዪ።

የፈተናው ነገር ለድርድር አይቀርብም። ግን አዘጋጆቹ ያላሰቡት አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ልጅሽ የምትማረው በፈረቃ ነው፤ የቀኑ ግማሽ የእሷ ነው። ቀኑን ሙሉ ክፍል ከምትውለው የግል ትምህርት ቤት ልጅ ይልቅ ለቀረጻ የምትመች እሷ ናት ማለት ነው። ክፍል መምህሯን የፈተና ፕሮግራሙን በወረቀት ጠይቂያቸውና ለአዘጋጆቹ ስጪ፤ በእነዚያ ቀናት አትመጣም፣ በሌላው ቀን በትርፍ ፈረቃዋ ትቀረጽ በዪ። ሥራቸውን የሚያውቁ ከሆኑ ይስማሙበታል። እንቢ ካሉ ይቅርባት፤ ይህን የምለው ልጅቷ ምን ያህል እንደጓጓች እያወቅሁ ነው።

ገንዘቡም በስሟ ይቀመጥ። ባንኮች በወላጅ አስተዳዳሪነት ለልጅ የሚከፍቱት የቁጠባ ሒሳብ አለ። ጃኪ ኩጋን የተባለ አሜሪካዊ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ተውኖ ዓለም አወቀው፤ አድጎ ገንዘቤስ ሲል እናቱና እንጀራ አባቱ አጥፍተውት አገኘና በ1938 ከሰሳቸው። በዓመቱ የካሊፎርኒያ ግዛት የልጅ ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ ከገቢያቸው 15 ከመቶው እስኪያድጉ አይነካም። እናንተ እንደዚያ ታደርጋላችሁ ማለቴ አይደለም። ቤታችሁ ሲቸገር፣ ጀልባው እንግዳ ሲያጣ፣ እጅ ወደዚያ መሄዱ ሰዋዊ ነው። ከአባቷ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ይህን ያህሉ ለቤት፣ ይህን ያህሉ ለእሷ ብላችሁ ወስኑ። እሷም ትወቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣና ኦስካር በተሸለመ አንድ ፊልም ላይ የሙምባይ የድሃ ሰፈር ልጆች ተውነው ነበር። የፊልሙ ሰዎች ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገቡ፣ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የሚያገኙትን ገንዘብም በአደራ አስቀመጡ። እንዲያም ሆኖ ልጆቹ የሽልማቱን አዳራሽ አይተው ወደዚያው ሰፈር መመለሳቸው ብዙ አነጋግሯል። የልጅሽ ነገር ይህን ያህል ባይሆንም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናው ይሄዳል፣ እሷ ወደ ፈረቃዋ ትመለሳለች። ድራማው ሲታይ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ በገጸ ባሕርይዋ ስም የሚጠራት፣ ገረድ እያለ የሚያሾፍባት ልጅ ይኖራል። ከአሁኑ አዘጋጂያት። የሚኒ ሚዲያ መምህሯንም አማክሪያቸው፤ ሰልፍ ላይ እሷው ስለ ሥራው እንድታወራ ቢያደርጉ፣ ፌዙ ሳይጀመር ልጆቹ ከራሷ ይሰሙታል።

ድራማው ቢቀርባትም ባይቀርባትም መድረክ አታጣም። ክበቧ አለ። ከተማችን ውስጥ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ አንድ ቀን ይዘሻት ሂጂና ለልጆች የሚሆን ልምምድ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። እንግሊዝኛውንም አትፍሪው። ራስን ማስተዋወቅ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ መምህሯ ቢጽፉላት ግጥም የምትሸመድድ ልጅ በሁለት ቀን ትይዘዋለች። ሌላ ጊዜ የሚጠይቅ ሲመጣ እንዳትደነግጥ ያህል ነው።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። አዘጋጆቹን የእሷን ክፍል ድርሰት ለምኛቸውና ከባለቤትሽ ጋር፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከመምህሯ ደግሞ የፈተናውን ፕሮግራም ተቀበዪ። ከዚያ እሷ ያልተሰማላትን ግጥም ለአባቷ ታንብብለት። ውሳኔው ሦስታችሁ ተሰብስባችሁ ይሁን፤ የደረሳችሁበትን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።